የሸክላ ሠሪዋ ላብ

ፊታውራሪ ይርሳው የሚወዷት በቅሎ ከጋጣዋ ጠፋችባቸውና አገሬውን ለአውጫጭኝ ጠሩት። የአውጫጭኝ ሕግ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ ሌባው እስኪታወቅ ድረስ ከሜዳው ተነሥቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የደረሰው ጤፍ ማሳ ላይ እየረገፈ፣ ሰዉ ሦስት ቀን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተገተረ። ፊታውራሪ ግን ዋርካው ሥር ምንጣፍ አስነጥፈው፣ ከየቤቱ ያስመጡትን የገብስ ቆሎ እየቆረጠሙ ይመረምራሉ።

በሦስተኛው ቀን ሌባ ሲጠፋ፣ ከፊታቸው የቆመችውን አንዲት ሸክላ ሠሪ በከዘራቸው ጠቆሟት።

«ሌባ ይፈራል» አሉ። «የፈራ ሰው ያልበዋል። አንቺን ይኸው አልቦሻል። ስለዚህ በቅሎዬን የሰረቅሽው አንቺ ነሽ!»

አጠገባቸው ጥላው ውስጥ የተቀመጡት ሽማግሌዎች «እንዴት ያለ ምርመራ ነው!» እያሉ ተደነቁ። ፀሐይ ላይ የቆመው ሕዝብ ሁሉ በላብ እንደተጠመቀ አንዳቸውም ልብ አላሉም።

ሴትዮዋ ግንባሯን በነጠላዋ ጠረገች።

«ጌታዬ፣ ምርመራው እንዲህ ከሆነማ በቅሎዋም ተገኝታለች» አለች።

«የት አለች?» ፊታውራሪ ከምንጣፋቸው ሳይነሡ አንገታቸውን አሰገጉ።

«በቅሎዎ የሰው ገብስ ትበላለች። የቀረባትን ሁሉ ትራገጣለች። ጥላ ካገኘች ደግሞ ቢገፏት ንቅንቅ አትልም። ምልክቱ የገጠመ ሁሉ እሱው ነው ካሉ፣ ይቺውና ዋርካው ሥር ተቀምጣ እኔን ትመረምረኛለች።»