የቀኛዝማች መርፌ

ቀኛዝማች ይልቃል ማዕረጋቸውን አብዝተው የሚወዱ ሹም ነበሩ። የሸክላ ማጫወቻ ገዝተው እንግዳ በጠሩ ቁጥር መርፌው ከሸክላው ላይ እየዘለለ አስቸገራቸው። እሳቸውም «ይህ መርፌ ማን ቤት እንዳለ አላወቀም!» ብለው ሦስት ሳንቲም አስለጠፉበት። መዝለሉ ቀረ፤ ሸክላው ግን እየተፋቀ ድምፁ ሻከረ።

ቢቸግራቸው አንዲት ሰዓት ጠጋኝ አስጠሩ። ሴትዮዋ እጇ ብልህ፣ ምላሷም የተሳለ ነበር። መርፌውን በትንሽ የወርቅ ሚዛን ላይ አሳርፋ ጫናውን ብትለካው ዘጠኝ ግራም ሆነ። ሳንቲሞቹን አነሣች፣ ማጫወቻው የተቀመጠበትን የተንጋደደ ጠረጴዛ አቃናች፣ የመርፌውንም ጫና ሁለት ግራም ላይ አቆመችው። ሸክላው ሳይዘል ጥርት ብሎ ዘፈነ።

ቀኛዝማች ግን ዘፈኑን ሊሰሙ በተጠሩት እንግዶቻቸው ፊት ተቆጡ።

«ሁለት ግራም? የጎረቤቴ የነጋዴው መርፌ እንኳ አራት ይመዝናል! አቀለልሽኝ እኮ! አሁኑኑ ክብደቱን መልሺ፤ አለዚያ በዚህ ከተማ ሥራ አታገኚም!»

ሴትዮዋ ሳንቲሞቹን በመዳፏ እንደያዘች ዝቅ ብላ እጅ ነሣች።

«ጌታዬ፣ እርስዎን ማቅለል በእኔ አቅም አይሆንም፤ የቀለለው መርፌው ነው። ካዘዙኝ እመልሳለሁ። ነገር ግን ሸክላ ሲጫኑት መጀመሪያ ይጮሃል፣ ቆይቶ ዜማውን ይረሳል፤ በመጨረሻም አንድ ቦታ ላይ ተቀርቅሮ፣ እንደ ቤትዎ ሰዎች ‹እሺ ጌታዬ፣ እሺ ጌታዬ› ሲል ይኖራል።»

እንግዶቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ቀኛዝማች ወደ ሽማግሌው አሽከራቸው ዞሩና «የምትለው እውነት ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁት።

አሽከሩም ጎንበስ ብሎ «እሺ ጌታዬ» አለ።