ስሙን ከሪፖርቱ ያስቀረው ሰው

አንድ አካውንት ጠባቂ ነበረ። መክብብ ልጄ፣ ጥያቄህን አልዘለልኩትም፤ መጀመሪያ ግን የዚህን ሰው ነገር ስማ።

ሰውየው የሚሠራው ሕንፃ በሚነድፍ ድርጅት ውስጥ ነው። የድርጅቱ ሥራ ሁሉ፣ ደብዳቤውም ንድፉም፣ ክላውድ በሚሉት የኢንተርኔት መጋዘን ላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሠራተኛው ከቢሮም ከቤትም ሆኖ በየራሱ አካውንት ይገባል። አዲስ ሰው ሲቀጠር አካውንት የሚከፍት፣ ሲለቅ የሚዘጋ፣ የይለፍ ቃል ለጠፋበት የሚቀይር ይኸው ሰው ነው። ታማኝ ነበር፤ ሥራውንም ይወዳል። እንዲያውም ማንም ሳያዝዘው አንድ ስክሪፕት ጻፈ። ስክሪፕት ማለት መቼም ታውቃለህ፣ አንዴ ከጻፍከው ሳይሰለች የሚደጋገም ትእዛዝ ነው። ይኼኛው በየማለዳው የሲስተሙን መዝገብ አገላብጦ፣ በማን አካውንት ላይ ምን ተቀየረ፣ የቀየረውስ ማን ነው የሚለውን ለድርጅቱ ባለቤትና ለእሱ ይልካል።

ታዲያ ሪፖርቱን በከፈተ ቁጥር የሚያየው የራሱን ስም ነው። ይገባል፤ ቀያሪው እሱ አይደል? ከላይ እስከ ታች እሱ። ይሄ ነገር አስጠላው። ራሴ የሠራሁትን ለራሴ ላስነግር ነው እንዴ አለና፣ እሱ የሚሠራውን እንዲዘል በስክሪፕቱ ውስጥ አንዲት መስመር ጨመረ። ሪፖርቱ አጠረ፣ ጸዳ። ባለቤቱም ወደደው። መስመሯን ግን ለማንም አልነገረም፤ ክፋት አስቦ ሳይሆን የሚነገር ነገር ስላልመሰለው ነው።

በዚያ ቤት አንድ ልማድ ነበረ። ከሠራተኛው አንዱ ሐዘን ሲደርስበት ቢሮው እንዳለ ተነቅሎ ቀብር ይሄዳል፤ አንድ ሰው ብቻ ቤት ጠባቂ ሆኖ ይቀራል። የሚሄዱት የመሳቢያውንም የካዝናውንም ቁልፍ ለእሱ አደራ ሰጥተው ይወጣሉ። አካውንት ጠባቂውም አንድ ቀን እንዲሁ ለቀብር ሲወጣ፣ ሰው ቢቸገር ብሎ የራሱን የይለፍ ቃል ለቀረው ባልደረባው ነግሮት ሄደ። እንደ ቁልፍ ነው የቆጠረው። ሲመለስም ይለፍ ቃሉን ልቀይር አላለም።

ብዙም ሳይቆይ ጉድ ተሰማ። ድርጅቱ ለጨረታ ስንት የደከመበት ንድፍ ተፎካካሪው እጅ ገባ። የተላከው ደግሞ ከአንዲት ንድፍ ሠሪ አካውንት ነው። ሴትየዋ አራስ ናት፤ ቤቷ ተኝታለች። ባለቤቱ አካውንት ጠባቂውን ጠርቶ፣ በእሷ አካውንት ላይ እጁን ያስገባ ሰው አለ ወይ ሲል ጠየቀው። እሱም ሪፖርቱን አየና አፉን ሞልቶ ማንም የለም አለ። የስንብት ደብዳቤዋ ተጻፈ፤ ቢሆንም ባለቤቱ ሳልሰማት አላባርርም ብሎ በማግስቱ እንድትቀርብ አስጠራት።

አካውንት ጠባቂው ወንበሩ ላይ ሲመለስ አንድ ነገር አልዋጥለት አለ። ከቀብሩ ማግስት ይህችው ሴት ደውላ፣ ሲስተሙ የይለፍ ቃሌን አልቀበል አለኝ፣ ምጡ አስረስቶኝ ነው መሰለኝ ብላ ስቃ ነበር። እሱም አብሯት ስቆ ቀየረላት፤ ከዚያ ወዲያ ረሳው። ንድፉ የተላከው ደግሞ በቀብሩ ቀን ነው። ዛሬ ገብታ የላከች ሴት ነገ እንዴት መግባት ያቅታታል? የይለፍ ቃል መቼም በራሱ ጊዜ አይቀየርም። የቀየረው ሰው ካለስ ስክሪፕቱ ለምን ዝም አለ? ነገሩ ገረመው። ስክሪፕቱን ከፍቶ፣ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስል፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነብ ገባ። ያቺን መስመር ሲደርስባት ቆመ። ስክሪፕቱ ዝም የሚለው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። መስመሯን አጠፋና የቀብሩን ቀን እንደገና አስፈተሸው።

የራሱ ስም መጣ። የሴትየዋን የይለፍ ቃል ቀየረ የተባለው እሱ ነው፤ ሰዓቱም እሱ መቃብር ቦታ ቆሞ አፈር ሲመለስ ያይ የነበረበት ሰዓት ነው። ያን ጊዜ የይለፍ ቃሉን ለማን ነግሮ እንደወጣ ትዝ አለው።

እንግዲህ ምን ያድርግ? ዝም ቢል አራሷ ትባረራለች። ቢናገር የተጻፈው የእሱ ስም ነው፤ እኔ አይደለሁም ቢል ማን ያምነዋል? ስሙን የደበቀውስ ራሱ አይደል? መስመሯን መልሶ መጻፍ ምንም አይፈጅም፤ የሚያውቅበትም የለም።

በማግስቱ ሴትየዋ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። ባለቤቱ ገና ሳይናገር አካውንት ጠባቂው አዲሱን ሪፖርት ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ ትናንት ማንም የለም ያልኩዎት ልክ አልነበረም» አለ። «ስሜ እንዳይጻፍ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የይለፍ ቃሌን ለሰው የሰጠሁትም እኔ ነኝ። እሷ የለችበትም።»

ቤት ጠባቂ ሆኖ የቀረው ባልደረባ ተጠራ፤ ሲጠየቅም በአካውንት ጠባቂው ስም ገብቶ የይለፍ ቃሏን እንደቀየረና ንድፉን እንደላከ አልካደም። ደብዳቤው ተቀደደ። ሴትየዋ ግን ወደ አካውንት ጠባቂው ዞራ፣ «ደውዬልህ ነበር እኮ» አለችው። ባለቤቱ ከሥራው አላነሳውም፤ እሱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሴትየዋን ቀና ብሎ ለማየት ብዙ ጊዜ ፈጀበት።

መክብብ ልጄ፣ የክፍሉ አለቃ ከሆንክ ገና መቼ ነው፤ መጥተህ «ካመናችሁኝ የእኛ ቤት ስክሪፕት የእኔን ስም ለምን ይጽፈዋል?» አልከኝ። ፊትህም ቀላ ብሎ ነበር፤ አይቼዋለሁ። እኔ እዚህ ኮምፒውተር ፊት ስሸብት አንተ ገና ፊደል ትቆጥር ነበርና አትቆጣኝ። እናምንሃለን። ያም ሰው የታመነ ነበር። እሱ በገዛ እጁ የጻፋትን መስመር አንተ ዛሬ በሹመትህ ልታስጽፈኝ ነው። ስምህን ብሰርዝልህ በስምህ የሚሠራ አይኖርም ማለት አይደለም፤ የሚሠራውን አንተም እኔም አናየውም ማለት ነው። ያን ቀን የምትጠየቀው ደግሞ ቤቷ የተኛች፣ ምንም የማታውቅ አንዲት ሰው ትሆናለች። ስለዚህ አልሰርዝም። ነገ ጠዋት ሪፖርቱ ሲደርስህ የራስህን ስም ፈልግ፤ ከጎኑ ያልሠራኸው ነገር ካየህ ሳትቀመጥ ወደ እኔ ና።