ይርዳው ሱቅ የገባው ካሴት

የተሰበረ ሁሉ የሚጠገንበት፣ ጠጋኞቹ ግን መሣሪያ እየተዋዋሱ የራሳቸውን የማያገኙበት አንድ ሰፈር ነበር። አስተማሪዋ ወሰንየለሽ እዚያ የፈለገችው አንድ ካሴት ብቻ ነው። ሰባት ዓመት ያፈነችውን ፍቅር፣ ቤት ውስጥ ሰው በሌለበት ቀን፣ ለራሷ ቀድታበታለች። እናቷ ሳትነግራት ቴፑን ከነካሴቱ ለማሠራት ወሰደችው፤ ያውም ለቴፕ ጠጋኙ ለይርዳው፣ ለዚያው ወሰንየለሽ ለምትወደው ሰው!

«መብራት ይምጣ እንጂ በዚህ ሞንታርቦ እሞክረዋለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል» አላት ይርዳው።

«እባክዎ፣ መጀመሪያ ካሴቱን ያውጡልኝ።»

«ክዳኑ ነክሶታል፣ ቲቸር። ካቻቢቴዬ ደግሞ ሰዓት ሠሪው ጋ ነው።»

ሮጠች። «ጋሽ ልመንህ፣ ካቻቢቴውን ይስጡኝ፤ ያለ ካቻቢቴ ይርዳው አይከፍትም፣ ካሴቴም አይወጣም!»

«የሰው ሰዓት በትኜ? ሳልገጥም አልሰጥም። መነጽሬን ደግሞ ዘርፌ ልብስ ሰፊዋ ወስዳዋለች።»

«እትዬ ዘርፌ፣ መነጽሩን ይስጡኝ፤ ያለ መነጽር ጋሽ ልመንህ አይገጥሙም፣ ያለ ካቻቢቴ ይርዳው አይከፍትም፣ ካሴቴም አይወጣም!»

«የሙሽራ ቀሚስ ይዤ? መቀሴን ሁሴን ሊስል ወስዶ ቀረ። እሱን አምጪና ልጨርስ።»

«ሁሴን፣ መቀሱን ሳልልኝ፤ ያለ መቀስ እትዬ ዘርፌ አይጨርሱም፣ ያለ መነጽር ጋሽ ልመንህ አይገጥሙም፣ ያለ ካቻቢቴ ይርዳው አይከፍትም፣ ካሴቴም አይወጣም!»

«የመሳያ ድንጋዬን የሚያዞረው የብስክሌቴ ጎማ ነው፤ ተንፍሷል። ጎሚስታው ይንፋልኝ።»

«ጫኔ፣ ጎማውን ንፋልኝ፤ ያለ ጎማ ሁሴን አይስልም፣ ያለ መቀስ እትዬ ዘርፌ አይጨርሱም፣ ያለ መነጽር ጋሽ ልመንህ አይገጥሙም፣ ያለ ካቻቢቴ ይርዳው አይከፍትም፣ ካሴቴም አይወጣም!»

ጎሚስታው ጫኔ ሳቀ። «እሺ፣ መብራት ሲመጣ።»

አሰላችው። መብራት ሲመጣ ጎማው ይነፋል፤ መብራት ሲመጣ ካሴቱም ይለፈልፋል።

«የእጅ መንፊያ የለህም?»

«መንፊያስ አለ። የሚነፋበት ወገብ ነው የጠፋው።»

ነጠላዋን አሸርጣ መንፊያውን ያዘች። መንገደኛው ቆመ። «ቲቸር፣ ወደ ስፖርት ተዛወሩ እንዴ?» አላት አንዱ። እስከ ጆሮዋ ጫፍ ድረስ ቀላች፤ ግን ነፋች፣ አሁንም ነፋች።

ጎማው ተነፋ፤ ድንጋዩ ዞረ፤ መቀሱ ተሳለ፤ ቀሚሱ አለቀ፤ መነጽሩ ተመለሰ፤ ሰዓቱ ተገጠመ፤ ካቻቢቴው መጣ። ይርዳው ክዳኑን ፈልቅቆ ካሴቱን መዳፏ ላይ ሲያኖር፣ መብራቱ ቦግ! ሞንታርቦው ባዶውን ጮኸ፦ ሽሽሽሽ።

«ለመሆኑ እንዲህ ያስሮጠዎት ምን ቢኖርበት ነው?»

ካሴቷን ጨብጣ መሄድ ትችል ነበር። እግሯ እምቢ አላት።

«የእኔ ድምፅ ነው» አለች መሬት መሬት እያየች፤ «የሚያወራውም ስለ እርስዎ ነው።»

ይርዳው የሞንታርቦውን ገመድ ነቀለና በርጩማ ሳብ አደረገላት።

«ይሄ ቴፕ ካሴት ይበላል፣ ቲቸር» አላት ቀስ ብሎ። «ከአፍዎ ልስማው።»