ስንሻውና የጭቃ ሹሙ ጋቢ

እኛ አገር አንድ ሰው ክፉ ወሬ ይዞ መጥቶ አፉ ውስጥ ሲያላምጠው፣ ሽማግሌዎቹ አንዲት ተረት ይወረውሩበታል። ተረቷን የማያውቃት የለም። መጀመሪያ ማን እንደተናገራት ግን ዛሬ ዛሬ የሚያስታውስ ጠፍቷልና ዝም ብላችሁ ስሙኝ።

ጭቃ ሹም እንግዳሸት የመንደሩ አለቃ ነበሩ፤ ደግ፣ ሆደ ቡቡ ሰው። ጎረቤታቸው ስንሻው ደግሞ አፉ እንደ ምሳር ነው። አንድ ቀን ለአንዲት ባልቴት ከአጥር ውጭ ሆኖ፣ «እማማ፣ በሬዎ ገደል ገብቶ ሞቷል፤ ቢላ ይዘው ይምጡ!» ብሎ ቢጮህ፣ ምስኪኗ እዚያው ተዘረሩ። ጭቃ ሹም ተቆጡና አዋጅ አስነገሩ። በእሳቸው መንደር «ሞተ» የሚል ቃል ሁለተኛ እንዳይሰማ፤ ክፉ ወሬ ሁሉ በለሰለሰ አፍ ይነገር፤ ይህን የጣሰ የእሳቸውን ጤፍ ሁለት ቀን ያርም!

ደግነት እንዲህ ነው እንግዲህ! ያን ክረምት በጭቃ ሹም ማሳ ላይ አንዲት አረም አልታየችም። ስንሻው ብቻውን ሦስት ጊዜ ተቀጣ። በሦስተኛው ወገቡን ይዞ፣ «ከእንግዲህ ምላሴን በማር ነው የማሸው» ብሎ ማለ።

ጭቃ ሹምን እንደ አባት ሆነው ያሳደጉ ታላቅ ወንድማቸው ቢያድግልኝ ከወንዝ ማዶ ይኖሩ ነበር። ሁለቱ፣ ቀድሞ የሄደውን የቀረው በገዛ እጁ አፈር ሊያለብሰው ተማምለዋል። ቢያድግልኝ ታመው ሰነበቱና አንድ ማለዳ ሞቱ። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቆረጠ። ለጭቃ ሹም እንዲነግር ማን ቢላክ ጥሩ ነው? ሊጠይቅ ሄዶ እዚያው ያደረው ስንሻው!

ጭቃ ሹም ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ከማዶ ነህ? ጋሼ እንዴት አደሩ?»

ስንሻው ጤፉን አየና ወገቡን ዳበሰ።

«ዐርፈዋል፣ ጌታዬ።»

«እሰይ! እንቅልፍ ካጡ ስንት ጊዜያቸው! ሕመሙስ?»

«ለቀቃቸው። ፈጽሞ ተገላገሉ።»

«ሲያቃስቱ አላደሩም?»

«ከንጋት ወዲህስ ድምፃቸውም አልተሰማ።»

«ጠያቂ አላቸው?»

«ኧረ ቤቱ መቆሚያ የለው! ቄሶቹም መጥተዋል። እርስዎም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ቢደርሱ...»

«ምን ያስቸኩለኛል? ይረፉ እንጂ! ሰው ሲበዛ ይደክማቸዋል፤ ነገ እሄዳለሁ።» ጭቃ ሹም በደስታ እንባ አቀረሩ። «አንተ ስንሻው፣ አፍህ እንዲህ ይጣፍጣል እንዴ? ምስር ብላ!» አሉና የለበሱትን ጋቢ አውልቀው ደረቡለት።

ስንሻው አፉን ከፈተ። ጤፉን እንደገና አየና ዘጋው።

በማግስቱ ጭቃ ሹም ሙክት እየጎተቱ፣ ለታማሚ የሚሆን ማር ይዘው፣ እያንጎራጎሩ ወንዙን ተሻገሩ። ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የወንድማቸው ሚስት እትዬ የውብዳር ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል።

«ምነው እንግዳሸት? አስከሬኑ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ደጅ ቆሞ ጠበቀህ። በመጨረሻ አፈሩን ባዕድ አለበሳቸው።»

ጭቃ ሹም የሙክቱን ገመድ ለቀው ደረታቸውን ደቁ። አልቅሰው ቀና ሲሉ ስንሻው ጋቢዋን እንደለበሰ ከድንኳኑ ጥግ አገኙት።

«አንተ! ዐርፈዋል አላልከኝም?»

«ብያለሁ፣ ጌታዬ። አዋጁ የፈቀደልኝን ቃል አንድም አላስቀረሁ።»

«እቅጩን ብትነግረኝ ምን ትሆን ነበር?»

«ሁለት ቀን አርም ነበራ!»

«እኔ ዕድሜ ልኬን አርምልህ ነበር እኮ!» አሉ ጭቃ ሹም።

እትዬ የውብዳር ስንሻውን ገላመጡት፤ «እጃቸውን ይዘህ፣ አስቀምጠህ፣ ሞቱ ብትላቸው ምን ነበረበት?» ከዚያ ሙክቱን፣ ማሩንና ጋቢዋን በተራ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «አይ ልጆቼ፣ መርዶ ቢያሽሞነሙኑት የምሥራች አይሆንም» አሉ።