ሪባን ያልተቆረጠለት ፕሮግራም

ሪባን ሳይቆርጡ ከሰነበቱ የሚያማቸው አንድ ዳይሬክተር ነበሩ፤ አቶ አስራደ ይባላሉ። የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ ሲጠገን እንኳ መርቀውታል፤ ስማቸውም በእብነ በረድ ተቀርጾ ከበሩ በላይ ተለጥፏል።

በመሥሪያ ቤታቸው ወደ ቅርንጫፎች የሚሄድ ሰነድ በፍላሽ ተጭኖ በሾፌር ነበር የሚላከው። ምላሷ ከጣቷ የሚፈጥን አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ ይህ ሰለቻትና ፋይል የሚልክና የሚቀበል ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ ጫነች። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ሲጻፍለት ፋይሉን በደቂቃ ጅማ ያደርሰዋል።

በሦስተኛው ወር እንግዶች ሊጎበኙት መጡ። አቶ አስራደ ሪባንና መቀስ አስይዘው ከፊት ከፊት ገቡ። ስክሪኑን ሲያዩ ፊታቸው ከእሱ ብሶ ጠቆረ።

«የኔ ስም የታለ?» ብለው በእንግዶቹ ፊት አፈጠጡባት። «አሁኑኑ ስሜን እዚህ ላይ ጻፊ! አለዚያ ነገ ጠረፍ ቅርንጫፍ ትዛወሪያለሽ!»

ባለሙያዋ ረጋ ብላ አንድ ትእዛዝ ጻፈች። ስክሪኑ በስም ዝርዝር ተሞላ፤ ፍላሽ ያመላልስ የነበረው የዚያ ሾፌር ስም ሳይቀር አለበት።

«ክቡር ዳይሬክተር» አለች፣ «ስም የምጽፈው እኔ አይደለሁም። ፋይል የላከውን ሰው ሁሉ ፕሮግራሙ ራሱ ይመዘግበዋል። እርስዎም ጠረጴዛዎ ላይ ከከረሙት ሰነዶች አንዱን እንኳ ፈርመው ቢልኩ፣ ስምዎ ያኔውኑ ይወጣል። ይኸው ሦስት ወር ሙሉ እየጠበቀዎት ነው።»