አንዲት ብረት ከዶዘሩ ላይ

ተረቴ ብረት ነው፤ ዝገቱን አራግፋችሁ ስሙኝ።

ጎሽ ማጠጫ በምትባል አገር፣ ከገበያው በላይ፣ አንድ አሮጌ ቢጫ ዶዘር ቆሞ ነበር። መንገድ ሠሪዎች ከሃያ ዓመት በፊት ጥለውት ሄደው ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ተራራው ይናድና መንገዱን ይዘጋዋል። ያን ጊዜ አገሬው በዶማና በአካፋ ወር ሙሉ አፈር ሲዝቅ፣ ዶዘሩ ከላይ ሆኖ ያያል። ሰዎቹም ቀና ብለው እያዩት፣ "ላም አለኝ በሰማይ" ብለው ይስቃሉ፤ ከዚያ ደግሞ ይዝቃሉ።

አንድ ግንቦት የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ አያልነህ ስብሰባ ጠሩ። ሲናገሩ ከፍ ዝቅ የምታደርጋቸው ጥቁር የቆዳ ወንበር ነበረቻቸው፤ እሷ ላይ ተቀምጠው፣ "ይህ ነገር ሞቷል። ቅዳሜ የብረት አቅላጮች መኪና ይመጣል፤ ቆራርጦ ይውሰደው" አሉ።

"መሞቱን ማን አየ?" አለች ያምሮት።

ያምሮት ባለወፍጮ ናት። አባቷ ያወረሷትን ወፍጮ ራሷ ትፈታለች፣ ራሷ ትገጥማለች። ውስጡን ሳታይ የምታልፈው የተዘጋ ነገር የለም። በልጅነቷ የጎረቤት ሬዲዮ ፈትታ ተገርፋለች አሉ፤ ሬዲዮው ግን ከዚያ በኋላ ይሠራ ነበር።

"የሞተ ሞተር ነክሶ ይቀራል፤ ቢገፉት አይዞርም" አለች። "ሩብ ዙር ከዞረ ግን ነፍስ አለው፣ ይጠገናል። እኔ የምፈልገው ሩብ ዙር ማየት ብቻ ነው።"

"እስከ ቅዳሜ" አሉ ሊቀመንበሩ። ወንበሯም ሲጥ አለች።

ሐሙስ ጠዋት ያምሮት ወደ ዶዘሩ ወጣች፣ ሐረጉን ገፈፈች፣ በየቀዳዳው ዘይት አንቆረቆረች። ሞተሩን በእጅ የሚያዞሩበት ረጅም ብረት ግን ቦታው ላይ የለም። ስታፈላልግ የጋሽ ውብሸት የከብት በረት መወርወሪያ ሆኖ አገኘችው።

"ከዚያ ሁሉ ብረት አንዲት ብቻ ናት የወሰድኩት" አሉ ጋሽ ውብሸት። "አንዲት ብትጎድል ምን ይሆናል ብዬ ነው። አሁን ባወጣት ጅብ ጥጆቼን ይፈጃቸዋል። በሩን የማስርበት ሰንሰለት አምጪና ውሰጂ።"

ሞተሩ ያለ ማዞሪያ አይዞርም፤ ማዞሪያው ያለ ሰንሰለት በረቱን አይለቅም። ሰንሰለት ያለው እትዬ ጥሩወርቅ ጋ ነው፤ ያምሮት ወደዚያው ሄደች።

እትዬ ጥሩወርቅ ከጉድጓዳቸው ውሃ እየቀዱ ነበር። ባልዲው የተንጠለጠለበት ሰንሰለት ክንድ ያክላል። "ከዶዘሩ ናት፤ አልዋሽሽም" አሉ። "ግን አንዲት ብቻ ናት፤ ሌላ ብሎን እንኳ አልነካሁም። ጠንካራ ገመድ ካመጣሽልኝ ያንቺ ናት፤ ያለዚያ ቤተሰቤ ምን ይጠጣል?"

እንግዲህ ሞተሩ ያለ ማዞሪያ አይዞርም፤ ማዞሪያው ያለ ሰንሰለት በረቱን አይለቅም፤ ሰንሰለቱ ያለ ገመድ ጉድጓዱን አይለቅም። ያምሮት ወደ ገመድ ሠሪው ወደ አባባ ደርበው ወረደች።

አባባ ደርበው ጓሯቸው ሙሉ ቃጫ ነው፤ የተገመደ ግን አንድ ክንድ አልነበራቸውም። "የቃጫ መፋቂያዬ ደነዘብኝ፣ ልጄ" አሉና አሳዩዋት። ጠፍጣፋ ብረት ነው፤ ጫፉ ላይ ቢጫ ቀለም ቀርቷል።

"ይኼም ከዶዘሩ ነው?"

"አንዲት ብቻ ናት" አሉ አባባ ደርበው፣ ወደ ቃጫቸው ዞር ብለው። "አስለሽ አምጪልኝና የምትፈልጊውን ያህል እገምድልሻለሁ።"

ያምሮት ተናደደች። መፋቂያውን ይዛ ስትሄድ፣ ሰው እንዴት አንድ የቆመ ነገር እየቦጨቀ ይኖራል እያለች ለራሷ ታወራ ነበር። ሞተሩ ያለ ማዞሪያ አይዞርም፤ ማዞሪያው ያለ ሰንሰለት በረቱን አይለቅም፤ ሰንሰለቱ ያለ ገመድ ጉድጓዱን አይለቅም፤ ገመዱ ያለ መፋቂያ ከቃጫ አይወጣም፤ መፋቂያው ካልተሳለ አይፍቅም። ብረት የሚስለው አንጥረኛው ሞላልኝ ነው።

የሞላልኝ መሳያ ድንጋይ ቆሟል። "የድንጋዩ ዘንግ ደህና ነው" አለ ሞላልኝ። "ከዶዘሩ ነው፣ አንዲት ብቻ። ቀበቶ የሚያዞረው ፑሊው ግን የእንጨት ነበር፣ ተሰነጠቀብኝ። ደህና የብረት ፑሊ ያለው በዚህ አገር አንድ ቦታ ብቻ ነው።"

"የት?"

"ወፍጮ ቤት።"

ያምሮት ሳቀች። "የኔማ የአባቴ ነው።"

"አባትሽ ከየት ያመጡት ይመስልሻል?" አለና ሞላልኝ ወናፉን ማናፋት ቀጠለ። "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።"

ያምሮት እየሮጠች ወፍጮ ቤት ገባች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ከፑሊው ላይ የዱቄቱንና የቅባቱን ድድር በጥፍሯ ፋቀችው። ከሥሩ ቢጫ ቀለም ወጣ። ያን ሁሉ ነገር ስትፈታ ስትገጥም፣ ከወፍጮዋ ላይ ፈትታ የማታውቀው ይህንን ብቻ ነበር፤ ተበላሽቶባት አያውቅማ። "አንዲት ብቻ..." ብላ ጀመረችና አፏን ያዘች።

በሩ ላይ ሴቶች እህላቸውን አስቀምጠው ተሰልፈዋል። ያምሮት ፈራች። ሞተሩ ያለ ማዞሪያ አይዞርም፤ ማዞሪያው ያለ ሰንሰለት በረቱን አይለቅም፤ ሰንሰለቱ ያለ ገመድ ጉድጓዱን አይለቅም፤ ገመዱ ያለ መፋቂያ ከቃጫ አይወጣም፤ መፋቂያው ያለ ድንጋይ አይሳልም፤ ድንጋዩ ያለ ፑሊ አይሽከረከርም፤ ፑሊው ደግሞ የእንጀራዋ ገመድ ነው። ዶዘሩ ነክሶ ቢገኝስ? ወፍጮዋን በከንቱ አቆመችው ማለት ነው። ዝም ብትልስ? ቅዳሜ ዶዘሩ ተቆራርጦ ይሄዳል፣ ክረምት ይገባል፣ ተራራው ይናዳል፣ እሷም አካፋ ይዛ "ይዞር ነበር ወይስ አይዞርም ነበር?" ስትል ትኖራለች።

"ዛሬ ወፍጮ የለም" አለች ለሴቶቹ። "ሳላውቅ ከምቀር፣ ይቁም።"

መፍቻዋን አነሳች።

ፑሊው ወፍጮውን ለቀቀ፤ ድንጋዩ ተሽከረከረ፤ መፋቂያው ተሳለ፤ ቃጫው ተፋቀ፤ ገመዱ እርጥቡን ተገመደ፤ ሰንሰለቱ ጉድጓዱን ለቀቀ፤ ማዞሪያው በረቱን ለቀቀ። ቅዳሜ ጠዋት ያምሮት ማዞሪያውን ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ፣ ጋሽ ውብሸትም፣ እትዬ ጥሩወርቅም፣ አባባ ደርበውም፣ ሞላልኝም ከኋላዋ ነበሩ። እህላቸው ሳይፈጭ የተመለሰባቸው ሴቶችም ተከትለዋል፤ ምን ሆኖ ወፍጮ እንዳጡ ሊያዩ። የአቅላጮቹ መኪና ቀድሟቸው ደርሶ ቆሟል።

ማዞሪያውን ሰክታ ገፋች። ንቅንቅ የለም። ደግማ ገፋች። የመኪናው ሹፌር ሰዓቱን አየ።

"ቆይ እስቲ" አሉ ጋሽ ውብሸት፤ ጋቢያቸውን ጥለው ብረቱን ያዙ። እትዬ ጥሩወርቅ ያዙ። አባባ ደርበው ያዙ። ሞላልኝ ያዘ። ገፉ። ከሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ጓ አለ፤ ከዚያም ማዞሪያው ቀስ ብሎ፣ እንቅልፉ እንዳልለቀቀው ሽማግሌ እያቃሰተ፣ ሩብ ዙር ዞረ።

"ነፍስ አለው" አለች ያምሮት፤ አለቀሰችም።

ከዚያ አንዷ ሴት ወደ ቤቷ ወረደች፤ በሯን የምታስደግፍበትን ቢጫ ብረት ይዛ ተመለሰች። አንዱ ክዳን አመጣ፣ አንዱ ቧንቧ፣ አንዱ በጀሪካን ሙሉ ብሎን። ሁሉም እያስቀመጠ "አንዲት ብቻ ናት" ይላል፤ የብሎኑም ባለቤት ሳይቀር። እስከ ረፋዱ ድረስ ከዶዘሩ አጠገብ ሌላ ዶዘር የሚያህል ክምር ቆመ። ሞላልኝም "ለወፍጮሽ የወይራ ፑሊ ማክሰኞ አደርስልሻለሁ፤ ዘንጌንም ያኔ ነቅዬ አመጣለሁ" አላት።

"እንግዲህ ምኑን ልጫን?" አለ ሹፌሩ። "ሊቀመንበራችሁስ የት አሉ?"

ሁሉም ዞሮ ወደ ታች አየ። አቶ አያልነህ ዳገቱን ብቻቸውን እየወጡ ነበር። ላብ አጥምቋቸዋል፤ ጭንቅላታቸው ላይ ጥቁሯን የቆዳ ወንበር ተሸክመዋል። መጡ፣ ማንንም ሳያዩ ወደ ዶዘሩ ወጡ፣ ባዶው የሾፌር ቦታ ላይ ወንበሯን አስቀመጧት። አራቱም እግሮቿ አራቱ ቀዳዳዎች ላይ ልክ አሉ።

"እኔም" አሉ፣ ግንባራቸውን እየጠረጉ፣ "አንዲት ብቻ ናት።"

ከዚያ ወርደው ቦታውን ለያምሮት ለቀቁላት። ያምሮት ወጥታ ተቀመጠች፤ ወንበሯም ሲጥ አለች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ የወሰዳችኋትንም ብሎን ጨምራችሁ።