የማይቆመው ነባሪ

ተረት ተረት፣ የባሕር በረት።

ዳክዬ ለማንም ነግራው የማታውቀው ምስጢር ነበራት። በትንሿ መርከብ ለሚመጡ እንግዶች ዓሣ ነባሪ እንድታሳይ ተቀጥራ፣ እሷ ራሷ አንድም ቀን አይታው አታውቅም። ፊደል የቆጠረች ስለሆነች ግን ስሙን ፈታችው፦ «ነባሪ ማለት ከቦታው የማይነቃነቅ ነው።» እዚሁ ይገኛል ብላም መርከቧን ከአንድ ቋጥኝ አጠገብ ሦስት ቀን አስቆመች። ከታወቀብኝ እባረራለሁ ብላ ስለምትፈራ፣ አንዱን እግሯን ስታነሳ ሌላውን ስትጥል ትውል ነበር።

ከእንግዶቹ አንዷ፣ መቀመጥ የማይሆንላት ጦጣ፣ ታንኳ ቀዘፈች፤ ጭንቅላቷንም ውሃው ውስጥ ነክራ አየች።

«የኔታ ዳክዬ፣» አለች ውሃውን እያራገፈች፣ «እዚህ ከቋጥኙ ሌላ ነባሪ የለም። ለመሆኑ አይተውት ያውቃሉ?»

ዳክዬ አቀርቅራ፣ «ስሙ እኮ ነባሪ ነው» አለች።

ይኼኔ ባሕሩ ተሰነጠቀና አንድ ግዙፍ ጀርባ ብቅ አለ።

«ማነው ነባሪ ያለኝ? እናቴ እየዋኘች ወለደችኝ፣ እየዋኘሁ አደግሁ። ደህና ሁኑ፣ መንገደኛ ነኝ!» ብሎ አለፈ።

ጦጣ በሳቅ ተንከባለለች። ዳክዬ አንገቷን ላባዋ ውስጥ ቀበረች።

በማግስቱ ጠዋት እንግዶቹን ሰበሰበችና፣ «እኔም ገና ትናንት ከእናንተ ጋር ነው ያየሁት» አለች። ከዚያም የመልሕቁን ገመድ በመንቁሯ ፈታችው።